ከ«አየኋት» ወደ «ላ ቢ»፦ የስፓኒሽ ቀጥተኛ ተሳቢ ተውላጠ ስሞችን ለአማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ ሕፃናት ማስተማር

አሕጽሮተ ጥናት

የስፓኒሽ ቀጥተኛ ተሳቢ ተውላጠ ስሞች ለጀማሪ ተማሪዎች አስቸጋሪ ከሆኑት የሰዋስው ክፍሎች መካከል ይመደባሉ። በተለመደው አቀራረብ ተማሪው በመጀመሪያ የተውላጠ ስሞቹን ሰንጠረዥ ያጠናል፤ ቀጥሎም ስሙን በተውላጠ ስም እየተካ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ይህ መጣጥፍ የመተካት ልምምድ ሕፃኑ ድርጊቱን ማን በማን ላይ እንደፈጸመ ሳይረዳ ትክክለኛ መልስ እንዲሰጥ የሚያስችል በመሆኑ የመጀመሪያው ትምህርት አዳምጦ በመረዳት ላይ ሊመሠረት እንደሚገባ ይከራከራል። በተጨማሪም የአማርኛ ግስ ተሳቢውን በቅጥያ የሚያመለክት መሆኑ ለአማርኛ ተናጋሪው ሕፃን በእንግሊዝኛ በኩል የማይገኝ መሸጋገሪያ እንደሚሰጠው ያሳያል። መሸጋገሪያው የማያገለግልባቸው አራት ነጥቦች ተለይተው ከቀረቡ በኋላ፣ ከሰባት እስከ ዐሥር ዓመት ዕድሜ ላላቸው ጀማሪዎች የሚስማማ የትምህርት ቅደም ተከተል ተጠቁሟል።

ቁልፍ ቃላት፦ ቀጥተኛ ተሳቢ፣ ተውላጠ ስም፣ ስፓኒሽ፣ አማርኛ፣ አዳምጦ መረዳት፣ ጀማሪ ሕፃናት

1. መግቢያ

ስፓኒሽ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ፈጽሞ እንግዳ የሆነ ቋንቋ አይደለም። ኢትዮጵያ ከሶማሊያ ጋር ካደረገችው ጦርነት ማግሥት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ታዳጊዎች ወደ ኩባ ተልከው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 «የወጣቶች ደሴት» ተብላ በተሰየመችው ደሴት በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ትምህርታቸውን በስፓኒሽ ተከታትለዋል። ዛሬ ደግሞ በአሜሪካ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ቋንቋውን በትምህርት ቤት ያገኙታል፤ ስፓኒሽ በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡት የውጭ ቋንቋዎች ሁሉ ብዙ ተማሪ ያለው ነውና። ለእነዚህ ልጆች የሚቀርቡት መጻሕፍት ግን በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ተናጋሪን ተማሪ ታሳቢ አድርገው የተዘጋጁ ናቸው።

በእነዚህ መጻሕፍት ቀጥተኛ ተሳቢ ተውላጠ ስም የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ በአንድ መንገድ ነው። «ሁዋን ኮሜ ላ ማንሳና» (ሁዋን ፖሙን ይበላል) የሚል ዓረፍተ ነገር ይሰጥና ተማሪው «ሁዋን ላ ኮሜ» (ሁዋን ይበላዋል) ብሎ እንዲጽፍ ይጠየቃል። ሕፃኑ ከስሙ በፊት ያለችውን «ላ» ተመልክቶ ወደ ግሱ ፊት ካመጣት መልሱ ትክክል ይሆናል። «ኮሜ» ማለት ምን እንደሆነ፣ «ማንሳና» የሚበላ ይሁን የሚለበስ ማወቅ አያስፈልገውም። ይኸው ሕፃን በማግሥቱ «ላ ሲጌ ኤል ፔሮ» (ውሻው ይከተላታል) የሚል ዓረፍተ ነገር ሲሰማ «እሷ ውሻውን ትከተላለች» ብሎ ሊረዳው ይችላል። በወረቀት ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኘው ተማሪ በንግግር ውስጥ ተከታዩንና ተከታዪቱን አቀያየራቸው ማለት ነው። የዚህ መጣጥፍ መነሻ ይህ በልምምድ ውጤትና በመረዳት መካከል ያለው ክፍተት ነው።

በመጣጥፉ ውስጥ የስፓኒሽ ቃላት በሙሉ ሲነበቡ በሚሰጡት ድምፅ መሠረት በግእዝ ፊደል ተጽፈዋል።

2. የተውላጠ ስሞቹ ቅርጽና ስፍራ

ቀጥተኛ ተሳቢን የሚያመለክቱት የስፓኒሽ ተውላጠ ስሞች ስምንት ናቸው፦ «ሜ» (እኔን)፣ «ቴ» (አንተን፣ አንቺን)፣ «ሎ» (እሱን)፣ «ላ» (እሷን)፣ «ኖስ» (እኛን)፣ «ኦስ» (እናንተን)፣ «ሎስ» (እነሱን፣ ለተባዕት) እና «ላስ» (እነሱን፣ ለአንስት)። «ኦስ» በስፔን የሚሠራበት ሲሆን፣ በላቲን አሜሪካ በስፍራው «ሎስ» እና «ላስ» ይነገራሉ። በጾታ የሚለያዩት የሦስተኛ መደብ ቅርጾች ብቻ ናቸው።

እነዚህ ተውላጠ ስሞች ብቻቸውን አይቆሙም፤ ዘወትር ግስን ይጠጋሉ። ግሱ በመደብና በጊዜ የተወሰነ ሲሆን ከፊቱ ይቀመጣሉ፦ «ሎ ቤኦ» (አየዋለሁ)። በአዎንታዊ ትእዛዝ ከግሱ ኋላ ተጣብቀው እንደ አንድ ቃል ይጻፋሉ፦ «አብሬሎ» (ክፈተው)። ትእዛዙ አሉታዊ ሲሆን እንደገና ወደ ፊት ይመጣሉ፦ «ኖ ሎ አብራስ» (አትክፈተው)። ከንዑስ አንቀጽ ጋር ሁለት አማራጭ አለ፤ «ኪዬሮ ቤርሎ» እና «ሎ ኪዬሮ ቤር» ሁለቱም «ላየው እፈልጋለሁ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ።

ለመምህሩ ጠቃሚ የሆነ አንድ ታሪካዊ እውነታም አለ። የሦስተኛ መደብ ተውላጠ ስሞችና የስፓኒሽ የእሙርነት አመልካቾች ሁለቱም የተገኙት «ኢሌ» ከሚለው የላቲን አመልካች ቃል ነው። ስለዚህም ከአራቱ ሦስቱ በቅርጽ አንድ ናቸው፦

«ላ ካሃ» (ሣጥኑ) — «ላ»
«ሎስ ሊብሮስ» (መጻሕፍቱ) — «ሎስ»
«ላስ ካሃስ» (ሣጥኖቹ) — «ላስ»
«ኤል ሊብሮ» (መጽሐፉ) — «ሎ»

ከእነዚህ መካከል ቅርጹን የሚለውጠው «ኤል» ብቻ ነው። ይህ መመሳሰል ጥቅምም ጉዳትም አለው። ስምን ከእሙርነት አመልካቹ ጋር አጣምሮ የተማረ ሕፃን ተውላጠ ስሙን ለመምረጥ አዲስ የሚያጠናው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ይህ ነው። በአንጻሩ «ላ» የሚል ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀጥሎ ስም ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፤ «ላ ሲጌ» ሲባል ግን የተከተለው ግስ ነው።

3. ችግሩ ከወዴት ይነሣል?

በሁለተኛ ቋንቋ ጥናት ውስጥ ይህን ችግር በስፋት ከመረመሩት አንዱ ቢል ቫንፓተን ነው። ተመራማሪው «የመጀመሪያው ስም መርሕ» በሚል የሚታወቅ ማብራሪያ አቅርቧል፦ ተማሪዎች በዓረፍተ ነገር ውስጥ በመጀመሪያ የሚያገኙትን ስም ወይም ተውላጠ ስም የድርጊቱ ባለቤት አድርገው የመውሰድ ዝንባሌ አላቸው። በስፓኒሽ ባለቤት ከግስ በኋላ ሊመጣ፣ ጨርሶም ሊቀር ስለሚችል ይህ ዝንባሌ ወደ ስሕተት ይመራል። «ሎ ሲጌ ኤል ፔሮ» ውስጥ በመጀመሪያ የሚሰማው «ሎ» ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለም።

ቫንፓተንና ቴሬሳ ካዲየርኖ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ሁለት የማስተማሪያ ዘዴዎችን አነጻጽረዋል። አንደኛው ቡድን ተውላጠ ስሞቹን በተለመደው የማብራሪያና የማፍለቅ ልምምድ ተማረ። ሁለተኛው ቡድን ዓረፍተ ነገሮችን እየሰማና እያነበበ ትርጉማቸውን እንዲለይ ብቻ ተደረገ፤ በትምህርቱ ወቅት ተውላጠ ስሞቹን እንዲያፈልቅ አልተጠየቀም። በውጤቱ የመጀመሪያው ቡድን በማፍለቅ ፈተና ብቻ መሻሻል ሲያሳይ፣ ሁለተኛው ቡድን በመረዳትም በማፍለቅም ተሻሽሏል።

ይህ ግኝት ያለ ክርክር አልታለፈም። ሮበርት ዴካይዘርና ካርል ሶካልስኪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረቡት ጥናት የመረዳት ልምምድ ለመረዳት፣ የማፍለቅ ልምምድም ለማፍለቅ ይበልጥ እንደሚጠቅም በማመልከት፣ ውጤቱ እንደ ሰዋስው ክፍሉ ዓይነት ሊለያይ እንደሚችል አሳስበዋል። ከሁለቱ ጥናቶች ለዚህ መጣጥፍ የሚበቃው የጋራ ነጥብ ግን ግልጽ ነው፦ የማፍለቅ ልምምድ ብቻውን መረዳትን አያስገኝም። የ1993ቱ ጥናት ተሳታፊዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩ ዘዴውን ወደ ሕፃናት ክፍል እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ሰንጠረዥና የሰዋስው ቃላት ለአዋቂ ይጠቅሙ ይሆናል፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ግን ተመሳሳዩ መርሕ በሥዕል፣ በዕቃና በእንቅስቃሴ መልክ ሊቀርብለት ይገባል።

4. አማርኛ ለተማሪው የሚያቀብለው

ከላይ የተጠቀሰው ዝንባሌ በአብዛኛው የተጠናው በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ማን ማንን እንደተከተለ የሚታወቀው በዋናነት በቃላቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ተሳቢው ተውላጠ ስምም ከግሱ በኋላ ራሱን ችሎ ይቆማል። የአማርኛ ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነው። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው»፣ ቮልፍ ሌስላውም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት የአማርኛ ማጣቀሻ ሰዋስው እንደሚታየው፣ የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በራሱ ላይ ያመለክታል። «አየኋት» የሚለው አንድ ቃል ተመልካቹን «እኔ»፣ ታያዪቱንም «እሷ» በአንድነት ይዟል። ስፓኒሽም «ላ ቢ» ሲል «እኔ» የሚለውን በግሱ መድረሻ፣ «እሷን» የሚለውን ደግሞ ግሱን በተጠጋው «ላ» ያመለክታል። እንግሊዝኛ ሦስት ራሳቸውን የቻሉ ቃላት ያስፈልጉታል።

ተመሳሳይነቱ በተለይ ጎልቶ የሚታየው ተሳቢው ወደ ፊት ሲመጣ ነው። የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ማስተያየት ይቻላል፦

አማርኛ፦ ልጅቱን ውሻው ይከተላታል።
ስፓኒሽ፦ አ ላ ኒኛ ላ ሲጌ ኤል ፔሮ።

በአማርኛው «ን» ልጅቱ ተሳቢ መሆኗን ታሳያለች፤ በስፓኒሹ ተመሳሳዩን ሥራ ከስሙ በፊት የመጣችው «አ» ትሠራለች። በአማርኛው «ይከተላታል» ውስጥ ያለው ቅጥያ ልጅቱን መልሶ ይጠራል፤ በስፓኒሹ «ላ» ይህንኑ ታደርጋለች። «አ» እና «ን» በአገልግሎታቸው ፍጹም አንድ አይደሉም፤ የስፓኒሿ በተለይ ተለይቶ በታወቀ ሰው ላይ፣ የአማርኛዋ በእሙር ተሳቢ ላይ ትገባለች። ሆኖም እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃን ግራ የሚያጋባ ሲሆን፣ ለአማርኛ ተናጋሪው ግን ከቤቱ የሚያውቀው አነጋገር ነው።

ሁለተኛው ተመሳሳይነት ተውላጠ ስሙ መቼ እንደማያስፈልግ የሚመለከት ነው። «እርሳሱን ገዛኸው?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «አዎ፣ ገዛሁት» ይላል፤ «እርሳስ ገዛህ?» ሲባል ግን መልሱ «አዎ፣ ገዛሁ» ነው። በስፓኒሽም «ኮምፕራስቴ ኤል ላፒስ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ሲ፣ ሎ ኮምፕሬ» ሲሆን፣ «ኮምፕራስቴ ላፒሴስ?» ለሚለው «ሲ፣ ኮምፕሬ» ማለት ይበቃል። በሁለቱም ቋንቋዎች ያልታወቀ፣ ያልተወሰነ ተሳቢ በግሱ ላይ ምልክት አይተውም።

የአማርኛው ቅጥያ በሥነ ልሳን ምደባው የስምምነት ምልክት ነው ወይስ ግስን የሚጠጋ ተውላጠ ስም የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን አከራክሯል። ማርክ ቤከር እ.ኤ.አ. በ2012 የስምምነት ምልክት አድርጎ ሲተነትነው፣ ሩት ክሬመር በ2014 እንደ ስፓኒሹ ሁሉ ተጠጊ ተውላጠ ስም መሆኑን ተከራክራለች። ለክፍል ትምህርት ክርክሩን መቋጨት አያስፈልግም። ቁም ነገሩ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ እንኳ የሁለቱ ቋንቋዎች ቅርጾች ጎን ለጎን ሊነጻጸሩ የሚገባቸው ሆነው መገኘታቸው ነው። «ላ ቢ»ን ለአማርኛ ተናጋሪ ሕፃን በእንግሊዝኛ ትርጉም ማስረዳት በእጁ ያለውን ዕውቀት አስጥሎ በሩቅ መንገድ መምራት ነው።

5. መሸጋገሪያው የማያገለግልባቸው አራት ነጥቦች

ተመሳሳይነቱ ሙሉ ስላልሆነ፣ መምህሩ ስሕተት የሚጠበቅባቸውን ስፍራዎች አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

አንደኛው ስፍራ ነው። የአማርኛው ቅጥያ በአዎንታም በአሉታም ከግሱ ግንድ በኋላ ይመጣል፤ «ክፈተው» እና «አትክፈተው» ውስጥ «ው» አልተንቀሳቀሰችም። በስፓኒሽ ግን «አብሬሎ» የነበረው በአሉታ «ኖ ሎ አብራስ» ይሆናል። አዎንታዊው ትእዛዝ ለአማርኛ ተናጋሪው ቅርብ፣ አሉታዊውና ተራው ዓረፍተ ነገር ሩቅ ናቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው ጾታ ነው። በአማርኛ ሕይወት የሌላቸው ነገሮች በአብዛኛው በተባዕት ይነገራሉ፤ «በሯን ክፈታት» ማለት የሚቻለው ተናጋሪው ነገሩን ሊያሳንሰው ወይም ሊያቆላምጠው ሲፈልግ ነው። በስፓኒሽ የስሙ ጾታ በተናጋሪው ስሜት አይለወጥም፤ በር («ላ ፑዌርታ») ሁልጊዜ አንስት ነው። ከዚህም በላይ አማርኛ በብዙ ቁጥር «አየኋቸው» ብሎ ጾታን ሲተው፣ ስፓኒሽ «ሎስ» እና «ላስ»ን ይለያል። ስለዚህ ሕፃኑ «ሎ»ን ለሁሉም ዕቃ የመጠቀም ዝንባሌ እንደሚያሳይ መገመት ይቻላል።

ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው። «መጽሐፉን አነበብኩት» ማለት በአማርኛ የተለመደ ነው። በስፓኒሽ ተሳቢው ስም ከግሱ በፊት ሲመጣ ተውላጠ ስሙ አብሮት ይነገራል፤ «ኤል ሊብሮ ሎ ሌዪ»። ስሙ በተለመደው ስፍራው ከግሱ በኋላ ሲሆን ግን መደበኛው ስፓኒሽ «ሌዪ ኤል ሊብሮ» ይላል እንጂ «ሎ ሌዪ ኤል ሊብሮ» አይልም። ይህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በተዘጋጁ መጻሕፍት ትኩረት የማይሰጠው፣ ከአማርኛ ተናጋሪው ግን የሚጠበቅ ስሕተት ነው።

አራተኛው ተቀባይን ይመለከታል። «መጽሐፉን ሰጠሁት» ሲባል ቅጥያው የሚያመለክተው መጽሐፉን ሳይሆን ተቀባዩን ሰው ነው። ስፓኒሽ ለተቀባይ «ሌ» የሚል ሌላ ቅርጽ አለው፤ «ሌ ዲ ኤል ሊብሮ»። የአማርኛ ግስ አንድ የተሳቢ ቅጥያ ብቻ ሲይዝ፣ ስፓኒሽ «ሜ ሎ ዳ» (እሱን ለእኔ ይሰጠኛል) ብሎ ሁለቱን በአንድነት ያስቀምጣል። በመሆኑም እንደ «መስጠት» ያሉ ግሶች ለመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አይመረጡም። «ዳሜሎ» (ስጠኝ) የሚለው በክፍል ውስጥ የሚዘወተር ቃል ሳይተነተን እንደ አንድ አነጋገር ሊለመድ ይችላል።

ከእነዚህ በተጨማሪ መምህሩ የመጽሐፉን አገር ሊመለከት ይገባል። በስፔን መካከለኛና ሰሜናዊ ክፍሎች ወንድን ሰው በተመለከተ «ሎ ቢ» በማለት ፈንታ «ሌ ቢ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1713 የተቋቋመው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚም ለአንድ ወንድ ሰው ሲሆን አጠቃቀሙን ይቀበለዋል። ለጀማሪ ሕፃን ግን ከሁሉም አካባቢ የሚያግባባውን «ሎ» ብቻ አጽንቶ መያዝ ይሻላል።

6. የትምህርቱ ቅደም ተከተል

የሚከተሉት አራት ደረጃዎች ከላይ ከተደረገው ትንተና የተወሰዱ ናቸው። በእያንዳንዱ ደረጃ መስማት ከመናገር ይቀድማል፤ አንድ ደረጃም አንድ አዲስ ችግር ብቻ ይይዛል።

የመጀመሪያው ደረጃ «ሜ» እና «ቴ» ናቸው። ጾታ ስለሌላቸው ሕፃኑ ትኩረቱን በስፍራቸው ላይ ብቻ ያደርጋል። ለዚህ ድብብቆሽ ይስማማል። የተደበቀው ልጅ «ሜ ቤስ?» (ታየኛለህ?) ሲል ፈላጊው «ሲ፣ ቴ ቤኦ» (አዎ፣ አይሃለሁ) ወይም «ኖ፣ ኖ ቴ ቤኦ» ይላል። በጥያቄው «ሜ» የነበረው በመልሱ «ቴ» የሚሆንበት ለውጥ ልጁ «ታየኛለህ» እና «አይሃለሁ» ሲል ከሚያደርገው የተለየ አይደለም።

ሁለተኛው ደረጃ ትእዛዝ ነው። ጄምስ አሸር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ተማሪው ለሚሰማው ትእዛዝ በአካሉ ምላሽ የሚሰጥበት ዘዴ እዚህ ላይ ያገለግላል። በሕፃኑ ፊት መጽሐፍና ሣጥን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም የሚከፈቱ ናቸው። መምህሩ ወደ ዕቃዎቹ ሳያይና ሳይጠቁም «አብሬላ» ሲል ልጁ ሣጥኑን፣ «አብሬሎ» ሲል መጽሐፉን ይከፍታል። ልዩነቱን የተሸከመችው የመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ስለሆነች ሳይሰሟት ማለፍ አይቻልም። መምህሩ በዓይኑ አቅጣጫ መልሱን ከሰጠ ግን ልምምዱ ዋጋ ያጣል። አዎንታዊው ትእዛዝ ከተለመደ በኋላ «ኖ ላ አብራስ» ይጨመርና ልጁ እጁን ይመልሳል።

ሦስተኛው ደረጃ የመጣጥፉ ዋና ነጥብ የተመሠረተበት ነው። ሁለት ሥዕሎች ይዘጋጃሉ፤ በአንደኛው ውሻ ልጅትን ይከተላል፣ በሌላው ልጅቱ ውሻውን ትከተላለች። መምህሩ «ላ ሲጌ ኤል ፔሮ» ሲል ተማሪው ከሁለቱ አንዱን ይጠቁማል። ግሶቹና ተሳታፊዎቹ በጥንቃቄ ይመረጣሉ። «ልጁ ዳቦውን በላው» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠቅምም፤ ዳቦ ልጅን እንደማይበላ ሕፃኑ ያውቃልና ሰዋስውን ሳይጠብቅ ይመልሳል። «መከተል»፣ «ማየት»፣ «መጥራት» እና «መፈለግ» በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠሩ ልጁ «ላ» የምትለውን ቃል ማዳመጥ ግዴታ ይሆንበታል። ልጁ ከተሳሳተ መምህሩ ሕግ ከመንገር ይልቅ «ይከተላታል ወይስ ትከተለዋለች?» ብሎ ይጠይቃል፤ የራሱ ቋንቋ መልሱን ይመራዋል።

አራተኛው ደረጃ ማፍለቅ ነው። በአንድ ከረጢት ውስጥ እርሳስ («ኤል ላፒስ») እና ላጲስ («ላ ጎማ») ይደረጋሉ። የስፓኒሹ «ላፒስ» እርሳስ ማለት ሲሆን በድምፅ ከአማርኛው «ላጲስ» ጋር ስለሚመሳሰል፣ መምህሩ ጨዋታውን ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን ዕቃዎች እያሳየ ልዩነቱን ያስለምዳል። ሁለት ልጆች ከከረጢቱ አንዳንድ ዕቃ ወስደው በእጃቸው ይደብቃሉ። ጠያቂው «ኪዬን ላ ቲዬኔ?» (ማን ይዟታል?) ካለ መልስ የሚሰጠው ላጲሱን የያዘው ነው፤ «ላ ቴንጎ ዮ» (እኔ ይዣታለሁ) ይላል። ጠያቂው «ላ» በማለት ፈንታ «ሎ» ቢል ሌላው ልጅ ይመልሳልና ጾታውን መሳሳቱ ወዲያውኑ በጨዋታው ውጤት ይታወቃል። እዚህ ላይ ተውላጠ ስሙ ስምን ለመተካት ሲባል ብቻ የገባ ሳይሆን መልእክቱን የተሸከመ ነው። በተጨማሪም ዕቃዎቹ አስቀድመው በስማቸው ስለተጠሩ «ላ» በተፈጥሯዊ ንግግር እንደሚሆነው ቀድሞ የተነገረን ነገር መልሳ ትጠራለች።

በአራቱም ደረጃዎች አዲስ ስም ያለ እሙርነት አመልካቹ አይሰጥም። «ጎማ» ብቻ የተማረ ልጅ ጾታውን በኋላ ሊያጠና ይገደዳል፤ «ላ ጎማ» ብሎ የተማረ ግን ተውላጠ ስሙንም አብሮ ይዟል።

7. ምዘናና የአተገባበር ጥንቃቄ

ትምህርቱ በመረዳት ላይ ከተመሠረተ ምዘናውም ይህንኑ ሊለካ ይገባል። ባዶ ቦታ መሙላት ብቻ የሚጠይቅ ፈተና በመግቢያው የተገለጸውን ስውር ክፍተት ይደብቃል። በመሆኑም የመጀመሪያው መለኪያ ሥዕል መጠቆምና ትእዛዝ መፈጸም፣ ሁለተኛው አጭር የቃል መልስ፣ የመጨረሻው ጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ውጤቱም በየዓይነቱ ተለይቶ ቢመዘገብ መምህሩ ልጁ የተሳሳተው በስፍራ፣ በጾታ፣ በድግግሞሽ ወይስ ባለቤትና ተሳቢን በመለየት መሆኑን ያውቃል። እነዚህ አራቱ አንድ ዓይነት ስሕተቶች አይደሉም፤ «ኮምፕሮ ሎ» ያለ ልጅ መልእክቱን አስተላልፏል፤ ተከታዩን ከተከታዪቱ ያቀያየረ ግን መልእክቱን ስቷል።

በውጭ አገር ላደጉ ልጆች አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤተሰቡ አማርኛ ተናጋሪ መሆኑ ብቻ ልጁ «ይከተላታል» እና «ትከተለዋለች»ን እንደሚለይ አያረጋግጥም። መምህሩ ወይም ወላጁ በሦስተኛው ደረጃ የተጠቀሱትን ሥዕሎች አስቀድሞ በአማርኛ ቢሞክራቸው መሸጋገሪያው መኖሩን በጥቂት ደቂቃዎች ያረጋግጣል። የክፍሉ መምህር አማርኛ የማያውቅ ከሆነም ቅደም ተከተሉ አይፈርስም፤ የአማርኛው ንጽጽር በቤት ወይም በማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ሊሰጥ ይችላል።

8. መደምደሚያ

ቀጥተኛ ተሳቢ ተውላጠ ስም ለሕፃን የሚቀርበው እንደ መተኪያ ቃል ከሆነ፣ ሕፃኑ የሚማረው መተካትን ነው። ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ የሚያመለክት ምልክት ሆኖ ከቀረበ ግን ቋንቋውን መረዳት ይጀምራል። የቀረበው ትንተና ሁለት ትንበያዎችን ይሰጣል። የመጀመሪያው፣ አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪዎች ፊት በመጣ ተሳቢ ዓረፍተ ነገር ላይ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ እኩዮቻቸው ያነሰ የመረዳት ስሕተት እንደሚፈጽሙ፤ ሁለተኛው፣ ከግስ በኋላ በመጣ ተሳቢ ላይ ግን ተውላጠ ስምን ያለ ቦታው ደጋግመው እንደሚያስገቡ ነው። ሁለቱም በሥዕል መጠቆሚያ ፈተናና በአጭር የቃል ትረካ ሊፈተኑ የሚችሉ በመሆናቸው ለቀጣይ የድኅረ ምረቃ ጥናት ተስማሚ ናቸው። እስከዚያው ድረስ በክፍል ውስጥ ያለ መምህር ሊወስደው የሚችል አንድ ቀላል እርምጃ አለ፦ ሕፃኑ «ላ» እና «ሎ»ን እንዲጽፍ ከመጠየቁ በፊት ሰምቶ እንዲጠቁም ማድረግ፤ ሲጠቁምም «አየኋት» ማለትን የሚያውቅ ልጅ መሆኑን አለመዘንጋት።